አሮጌ የጠረጴዛ ፋኖስ ከምን ማዕድን እንደተሠራ እንዴት ይለያል?

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ኤሌክትሪክ ከመግባቱ በፊት ቤት ያበራ የነበረ የላምባ ፋኖስ ከቆጥ ወርዶ ለሽያጭ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ከምን ማዕድን ተሠራ የሚለው ነው። ዋጋውም በአብዛኛው በዚሁ መልስ ይወሰናል። በመሆኑም ባለንብረቱ ፋኖሱን ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ ከማውጣቱ በፊት ማዕድኑን ራሱ ቢለይ ይጠቀማል፤ ገዢው የሚነግረው የገዢውን ጥቅም ነውና።

በውጭ የሚታይ ቀለም ያሳስታል። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ሲሆን መልኩ ቢጫ ነው። ይሁን እንጂ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአውሮፓ ከዚንክ ተቀልጠው ላያቸው ብቻ ቢጫ የተቀባ ወይም በናስ የተለበጠ ርካሽ ፋኖሶች በብዛት ተመርተዋል። ስለዚህ መታየት ያለበት በአገልግሎት ብዛት የተፋቀው ቦታ፣ ማለትም የመቀመጫው ሥርና የክሩ መያዣ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ነው። እዚያም ቢጫ ከሆነ ናስ፣ ቀላ ካለ መዳብ፣ ግራጫ ከሆነ ዚንክ ወይም ብረት ሊሆን ይችላል።

ብረትን ከሌሎቹ ለመለየት ከተበላሸ ሬድዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃል። ማግኔት ብረትን ይስባል፤ ናስን፣ መዳብን፣ ዚንክንና ብርን አይስብም።

ናስንና ዚንክን በክብደት መለየት ይቻላል። ላምባው ተደፍቶ፣ መስታወቱና ክሩ ወጥተው ፋኖሱ ይመዘናል፤ ከዚያም እስከ አፉ ውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ አየር ሳይዝ ሙሉ በሙሉ ይጠልቃል፤ የፈሰሰውም ውኃ ይለካል። 1 ኪሎ ከ700 ግራም የሚመዝን ፋኖስ ናስ ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ዚንክ ከሆነ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ያፈስሳል። መቀመጫው ውስጥ አሸዋ ወይም ጄሶ ካለ ግን ይህ ስሌት አይሠራም።

ነጭ ፋኖስ ሁሉ «የማርያ ቴሬዛ ብር ነው» መባሉ የተለመደ ነው። ሳንቲሙ 28 ግራም ያህል የሚመዝንና 83 በመቶው ንጹሕ ብር የሆነ፣ አንጥረኞችም እያቀለጡ ጌጥና መስቀል ይሠሩበት የነበረ በመሆኑ አባባሉ እውነት ይመስላል። በፋብሪካ የተመረተ ነጭ ፋኖስ ግን ብዙውን ጊዜ በኒኬል የተለበጠ ናስ ነው።

ፋኖሱን በሞረድ መፋቅ፣ በአሲድ መፈተሽ ወይም በሎሚና በአመድ መወልወል አይገባም። በዘመን የተሠራው የላይ ሽፋን አንዴ ከተነሣ አይመለስም፤ ለባለሙያ የዕድሜ ምስክር የሚሆነውም እርሱ ነው።

ዕድሜ ያለው ፋኖስ ሁሉ ቅርስ አይደለም። ሆኖም ጽሑፍ ወይም ዓርማ ያለበት፣ ወይም የቤተ ክርስቲያን ንብረት የነበረ ከሆነ ከመሸጡ በፊት ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳየት ይገባል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲኬድ የፋኖሱን የሥሩን ጭምር ፎቶግራፍ፣ ክብደቱንና ከማን እንደተወረሰ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ይዞ መቅረብ ሥራውን ያቀላጥፋል።