ቴስቶስቴሮንን በመድኃኒት ስለ መተካት፤ ወደ ሐኪም የሚሄድ ወንድ ሊያውቀው የሚገባው ነገር

ኀይሉ የደከመበት፣ እንቅልፉ የማያረካው ወይም ለሩካቤ ያለው ፍላጎት የቀዘቀዘበት ወንድ «የወንድነት ሆርሞን ጐድሎብኝ ይሆን?» ብሎ መጠየቁ በዛሬ ጊዜ የተለመደ ሆኗል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ከኀፍረት ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፣ መልሱን ከሐኪም ሳይሆን ከጓደኛ ወይም ከስፖርት ቤት የሚፈልግ ሰው አይታጣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቴስቶስቴሮን የተባለው ሆርሞን በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ጕድለቱ በምን እንደሚታወቅና ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ምን መናገርና ምን መጠየቅ እንደሚገባው ማስረዳት ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ነገር እንዲታወቅ እንፈልጋለን፤ ይኸውም ወንድነትን ያጠነክራል ተብሎ የሚወሰደው ይህ መድኃኒት ልጅ የመውለድን ችሎታ ሊያቋርጥ የሚችል መሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የነገሩ ታሪክ

የተኮላሸ በሬ ከኮርማ ይልቅ ገራም እንደሚሆን፣ ሙክትም ቶሎ እንደሚሰባ ገበሬያችን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። የዚህን ምክንያት በሙከራ ለመረዳት መንገድ የከፈተው ግን በጀርመን አገር በጐቲንገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አርኖልድ በርቶልድ ነው። እርሱ በ1849 ዓ.ም. አውራ ዶሮዎችን ኮላሽቶ ተመለከተ፤ ኵክኵልያቸው ኰሰመ፣ መጮኽና መጣላትም ተዉ። የዘር ፍሬው ከቦታው ወጥቶ ሆዳቸው ውስጥ የተቀመጠላቸው ዶሮዎች ግን እንደ ማንኛውም አውራ ዶሮ ሆነው አደጉ። የዘር ፍሬው ከቀድሞ ነርቩ ጋር ስላልተያያዘ፣ ሥራውን የሚሠራው በደም አማካይነት መሆን አለበት ብሎ ደመደመ።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1889 ዓ.ም.፣ ብራውን ሴካር የተባለው ዕውቅ የፈረንሳይ ሐኪም በ72 ዓመቱ ከእንስሳት የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ በመርፌ ወስዶ ጕልበቱ እንደ ታደሰ ለሊቃውንት ጉባኤ ተናገረ። በኋላ እንደ ታወቀው ግን በውሃ በተዘጋጀው ጭማቂ ውስጥ የነበረው ሆርሞን እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ያን ለውጥ ሊያመጣ አይችልም ነበር። ሽማግሌውን ያበረታው ተስፋው ነበር ማለት ነው። እውነተኛው ሆርሞን ከበሬ የዘር ፍሬ ተለይቶ «ቴስቶስቴሮን» የተባለው በ1935 ዓ.ም. በአምስተርዳም በኤርንስት ላኰር ላቦራቶሪ ነው። በዚያው ዓመት ቡተናንትና ሩዚችካ በየበኩላቸው በኬሚስትሪ መንገድ ሠሩት፤ በ1939 ዓ.ም. የኬሚስትሪው የኖቤል ሽልማት ለሁለቱ ተሰጠ።

የብራውን ሴካር ታሪክ የሚያስተምረው አለ። አንድ ሰው መርፌ ከተወጋ በኋላ «ተሻለኝ» ማለቱ ብቻ ሆርሞን ጐድሎት እንደ ነበረ ማስረጃ አይሆንም።

2. ሆርሞኑ በሰውነት ውስጥ የሚሠራበት ሁኔታ

የዘር ፍሬ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቴስቶስቴሮንን መሥራት፣ ሁለተኛው ስፐርም የሚባለውን የዘር ሕዋስ ማፍራት ነው። ሁለቱንም የሚያዘው በአንጎል ሥር ያለው ፒቱዩታሪ የተባለ ትንሽ ዕጢ ሲሆን፣ ትእዛዙን የሚያስተላልፈው ኤል ኤች እና ኤፍ ኤስ ኤች በተባሉ ሁለት ሆርሞኖች ነው። በደም ውስጥ ያለው ቴስቶስቴሮን ሲበዛ አንጎል ትእዛዙን ይቀንሳል፤ ሲያንስ ይጨምራል።

ይህን በቤት ጣራ ላይ ባለ የውሃ ማጠራቀሚያ መመሰል ይቻላል። ውሃው ሲሞላ በላዩ የሚንሳፈፈው ኳስ ከፍ ይልና የመግቢያውን ቧንቧ ይዘጋል። አንድ ሰው በባልዲ ከውጭ ውሃ ቢጨምርበት እንኳ ኳሱ ውሃው ከየት እንደ መጣ ስለማያውቅ ቧንቧውን ይዘጋል። ቴስቶስቴሮን በመርፌ ወይም በቅባት ከውጭ ሲገባም የሚሆነው እንደዚሁ ነው። አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ትእዛዙን ያቆማል፤ የዘር ፍሬ ሥራ ፈትቶ ይኰሰምናል፤ የዘር ሕዋስ መፍራትም ይቀንሳል ወይም ፈጽሞ ይቆማል። የዘር ሕዋስ እንዲፈራ በራሱ በዘር ፍሬው ውስጥ ያለው ቴስቶስቴሮን በደም ውስጥ ካለው ብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት፤ ይህንንም ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ሊተካው አይችልም።

ነገሩ በግምት ላይ የቆመ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ቴስቶስቴሮን ለወንዶች የወሊድ መከላከያ ይሆን እንደ ሆነ አስመርምሮ ነበር። በ1990 ዓ.ም. በወጣው ውጤት መሠረት፣ በየሳምንቱ 200 ሚሊግራም ከተወጉት 271 ጤነኛ ወንዶች መካከል በ157ቱ ዘር ውስጥ ምንም የዘር ሕዋስ እስከማይገኝ ደርሷል። መድኃኒቱ ሲቆም ሕዋሱ በብዙዎቹ ወንዶች ላይ በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ በአንዳንዱ ግን ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል በቅርብ ያገባ የ30 ዓመት ጕልማሳ እናስብ። ሚስቱ ባለመፅነሷ ያዝናል፤ ድካምም ይሰማዋል። ወዳጁ «ወንድነትህን ያበረታልሃል» ብሎ ቴስቶስቴሮን እንዲወጋ ይመክረዋል። ጡንቻው ይጠነክራል፣ ፍላጎቱም ይጨምር ይሆናል፤ ልጅ ግን ይበልጡን ይርቃል። በአገራችን መካንነት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምትወቀሰው ሴቲቱ ስለ ሆነች፣ ባል በሥውር የወሰደው መርፌ ያመጣው ጥፋት በሚስቱ ላይ ይቈጠራል። ለዚህም ነው መድኃኒቱን ከሐኪም መደበቅ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ የማይሆነው።

3. ጕድለቱ የሚታወቅበት መንገድ

የሕክምና ሊቃውንት የሚስማሙበት መሠረት ምልክትና የደም ምርመራ አንድ ላይ መገኘት አለባቸው የሚል ነው። ከምልክቶቹ መካከል ለጕድለቱ ይበልጥ የሚመሰክሩት የሩካቤ ፍላጎት መቀነስ፣ በጧት ይታይ የነበረው የብልት መቆም መቅረት፣ የሰውነት ጠጕር መሳሳትና የዘር ፍሬ ማነስ ናቸው። ድካም ብቻውን ግን ከብዙ ነገር ሊመጣ ይችላል። የደም ማነስ፣ የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥና የመንፈስ ጭንቀት ሁሉ ሰውን ያደክማሉ።

ደሙ የሚቀዳው ምግብ ሳይቀመስ፣ ከጧቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም በጕልማሶች ዘንድ ሆርሞኑ በጧት ከፍ ብሎ ወደ ማታ ይወርዳል፤ ስኳር ከተወሰደ በኋላም ይቀንሳል። ውጤቱ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ምርመራው በሌላ ቀን መደገም አለበት። በጽኑ በሽታ ላይ ያለ ሰው ሆርሞኑ ለጊዜው ስለሚወርድ እስኪድን መጠበቅ ይሻላል። የአሜሪካ የሽንት ቧንቧ ሐኪሞች ማኅበር በ2018 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ወሰኑን 300 ናኖግራም በዴሲሊትር አድርጎታል። ሆኖም ልኩ ከአንዱ ላቦራቶሪ ወደ ሌላው ይለያያል፤ በወፈረ ሰው ላይም ሆርሞኑን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲን ስለሚቀንስ ጠቅላላው ቍጥር ሊያሳስት ይችላል።

ጕድለቱ ከተረጋገጠ በኋላ ምክንያቱ ይፈለጋል። ኤል ኤች እና ኤፍ ኤስ ኤች ከፍ ብለው ከተገኙ ችግሩ ከዘር ፍሬው ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ክላይንፌልተር የተባለው ሁኔታ ነው፤ ይኸውም ወንዱ አንድ ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞሶም ይዞ ሲወለድ ነው። ሁለቱ ሆርሞኖች ዝቅ ካሉ ወይም እንደ ወትሮው ከሆኑ ግን ችግሩ ከአንጎል በኩል ነው፤ የፒቱዩታሪ እባጭ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ወይም ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሊሆን ይችላል። ይህ ልዩነት እጅግ ይጠቅማል፤ ትእዛዙ ከላይ የጐደለበት ሰው ልጅ የሚፈልግ ከሆነ፣ በቴስቶስቴሮን ፈንታ የዘር ፍሬውን ራሱን የሚያሠሩ መድኃኒቶች ሊሰጡት ይችላሉና።

4. ጥቅሙና ጕዳቱ

ጕድለቱ በእርግጥ ላለበት ሰው ሕክምናው ይጠቅማል፤ ፍላጎትን ይመልሳል፣ አጥንትንና ጡንቻን ያጠነክራል። ይሁን እንጂ ተስፋው ልክ ሊኖረው ይገባል። በ2016 ዓ.ም. በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ሆርሞናቸው ዝቅ ያለ 790 ወንዶች ለአንድ ዓመት ተፈትነው የሩካቤ ሁኔታቸው በመጠኑ ተሻሽሏል፤ በድካም ረገድ ግን መድኃኒት የሌለበት ቅባት ከተሰጣቸው ጋር ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። በ2023 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ለልብ በሽታ የተጋለጡ ከ5,200 የማያንሱ ወንዶችን ተከታትሎ፣ በልብ ድንገተኛ ሕመም፣ በስትሮክና በልብ ምክንያት በሚመጣ ሞት ረገድ ቴስቶስቴሮን ከባዶው መድኃኒት የባሰ አለመሆኑን አሳየ። ነገር ግን የልብ ምት መዛባት፣ የኵላሊት ድንገተኛ ጕዳትና ወደ ሳንባ የሚሄድ የረጋ ደም በመድኃኒቱ ወሳጆች ላይ በዝተው ታይተዋል።

ቴስቶስቴሮን ቀይ የደም ሕዋስን ስለሚያበዛ ደምን ያወፍራል። ስለዚህ ሄማቶክሪት የሚባለው ልክ በየጊዜው ይመረመራል፤ ከ54 በመቶ ሲያልፍ መድኃኒቱ ይቆማል። በደጋ አገር የሚኖር ሰው ደሙ በተፈጥሮ ሊወፍር ስለሚችል መመሪያዎቹ የመነሻውን ልክ ለእርሱ ለይተው ይጠቅሳሉ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰውም ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። የፕሮስቴት ወይም የጡት ካንሰር ያለበት ሰው መድኃኒቱ አይሰጠውም። በቆዳ ላይ የሚቀባውን የሚጠቀም ደግሞ ቦታውን ካልሸፈነና እጁን ካልታጠበ መድኃኒቱ ወደ ሚስቱና ወደ ሕፃናት ሊተላለፍ ይችላል።

5. ከሐኪም ጋር ሲነጋገሩ

ወደ ሐኪም የሚሄድ ሰው ምልክቱ መቼ እንደ ጀመረው፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ፣ በስፖርት ቤት የተሰጠው መርፌ ወይም ክኒን እንዳለ ሳያፍር መናገር አለበት። ቀጥሎም እነዚህን ይጠይቅ፦ ምርመራው በጧት ሁለት ጊዜ ተደርጓል ወይ? የጕድለቱ ምክንያት ታውቋል ወይ? ደሜና ፕሮስቴቴ በየስንት ጊዜው ይመረመራሉ? ካልጠቀመኝ መቼ እናቆማለን? መድኃኒቱን ቀድሞ የጀመረ ሰውም በራሱ ፈቃድ በድንገት ከማቋረጥ ይልቅ ለሐኪሙ ገልጦ ቢመከር ይሻለዋል።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ሐኪሙ ባይጠይቀውም እንኳ፣ «ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ» ወይም «አልፈልግም» ብሎ ይንገረው። ይህች አንዲት ቃል የሕክምናውን መንገድ ፈጽማ ልትለውጥ ትችላለች፤ ሳትነገር ከቀረች ግን የሚጐዳው በሽተኛው ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ሳታውቅ የምትጠባበቀው ሚስቱም ናት።