የሥራ ላይ ደህንነት ሕግ፦ ንባቡና ትርጉሙ

እኛ እዚህ አፉላ ተወልደን በዕብራይስጥ የምንማር ልጆች ስለሆንን አማርኛችን ቢያጥር ይቅርታ አድርጉልን። በቅርስ ትምህርታችን ስለ ወላጆቻችን ኑሮ እንድንጽፍ ስንጠየቅ የሥራ ላይ ደህንነት ሕግን መረጥን። ምክንያቱን እንነግራችኋለን።

እናታችን የጽዳት ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን ማታ በዕብራይስጥ የተጻፈ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዛ መጣች። «ፈርሚ አሉኝ፣ ፈረምኩ። እስቲ ምን እንደሚል አንብቡልኝ» አለችን። ወረቀቱ በረኪናን፣ እዚህ ኤኮኖሚካ የምንለውን፣ ከአሲድ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል ሳንባን የሚጎዳ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። እናታችን ትንሽ ዝም ብላ «ሽንት ቤቱ እንዲነጣ ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ የማፈሰው እኔ አይደለሁም እንዴ!» አለች። ከወረቀቱ ግርጌ ግን «አንብቤ ተረድቻለሁ» ከሚለው በታች ፊርማዋ ነበር።

በዚያን ጊዜ የገባን ነገር ሕግ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ነው። በስግድ በዓል ቄሶቻችን ኦሪትን በግዕዝ ካነበቡ በኋላ በአማርኛ ይተረጉሙልናል። ንባቡ ያለ ትርጉም ለሕዝቡ አይደርስም። የሥራ ሕግም እንደዚሁ ነው። የእስራኤል የሥራ ደህንነት ዋና ሕግ በ1970 የወጣ ሲሆን (ሌላ ካላልን ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእሱ ሥር ብዙ ደንቦች አሉ። ቃላቸው ለሁሉም አንድ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ግን ይለያያል። ስለዚህ ቃሉ ለዚያ ሰው፣ ለዚያ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሦስት ምሳሌ እንስጥ።

አንደኛው «ከፍታ» የሚለው ቃል ነው። በ2007 የወጣው ደንብ በከፍታ ላይ መሥራት ማለት ሠራተኛው ከ2 ሜትር በላይ ወደ ታች ሊወድቅበት የሚችል ሥራ ነው ይላል። የሚለካው የመውደቂያው ጥልቀት ነው። ስለዚህ መሬት ላይ ቆሞ በ3 ሜትር ጉድጓድ አፍ ላይ የሚሠራ ሰው በከፍታ ላይ ነው። በአራተኛ ፎቅ፣ ግድግዳው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ወለል የሚጠርግ ሰው ግን አይደለም። በከፍታ ለሚሠራ ሰው ልዩ ሥልጠናና መከላከያ ያስፈልጋል። «መሬት ላይ ነኝ» ብሎ መተው አደጋ አለው።

ሁለተኛው መቀመጥ ነው። በ2007 የወጣ ሌላ ሕግ አሠሪ ለሠራተኛው መቀመጫ እንዲያቀርብ ያዛል። አሠሪው መከልከል የሚችለው ሥራው ተቀምጦ እንደማይሠራ ካስረዳ ብቻ ነው። የማስረዳቱ ሸክም በእሱ ላይ እንጂ ቀኑን ሙሉ በር ላይ በሚቆመው ጥበቃ ወይም በገንዘብ ተቀባይዋ ላይ አይደለም።

ሦስተኛው ሰው ከተጎዳ በኋላ የሚመጣ ነው፤ እሱም «መንገድ» የሚለው ቃል ነው። የብሔራዊ መድን (ቢቱዋሕ ለኡሚ) ሕግ ሰው ከቤቱ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ በጉዞው ምክንያት የደረሰበትን አደጋ እንደ ሥራ አደጋ ይቆጥራል። ታዲያ መንገዱ ከየት ይጀምራል? ፍርድ ቤቶች እንደተረጎሙት በጋራ ሕንጻ የሚኖር ሰው ከቤቱ በር ወጥቶ ደረጃው ላይ ከደረሰ መንገዱ ተጀምሯል። የራሱ ግቢ ላለው ግን ግቢውም ቤቱ ነው፤ መንገዱ የሚጀምረው ከግቢው ሲወጣ ነው። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ገበያ የሄደ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል። ልጅን መዋለ ሕፃናት ለማድረስ፣ ወይም ዘወትር በሚጸልዩበት ቤት የጠዋት ጸሎት ለማድረስ ዞር ማለት ግን መብት አያሳጣም። በኢትዮጵያ፣ በ2011 ዓ.ም. በአገሩ አቆጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የጉዞ አደጋን የሚቀበለው ሠራተኛው ድርጅቱ ባዘጋጀው ሰርቪስ ሲሄድ ነው። አንድ ነገር በሁለት አገር ሁለት ዓይነት ይተረጎማል።

አሁን ወደ እናታችን ወረቀት እንመለስ። በ1999 የወጣው ደንብ አሠሪ ለሠራተኞቹ ስለ ሥራቸው አደጋ እንዲነግራቸው፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያሠለጥናቸው፣ ደግሞም መረዳታቸውን እንዲያረጋግጥ ያዛል። መረዳትን ማረጋገጥ ፊርማ ከመቀበል ይለያል። አያታችን በጎንደር ቀጥቃጭ ነበሩ። ልጅ ሲያስተምሩ «ገባህ?» ብለው አይተዉም ነበር፤ ጉጠቱን አስይዘው እንዴት እንደሚይዝ ያያሉ። ያልገባው ልጅ ወናፉ አጠገብ አይደርስም። በእኛ አስተያየት ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው።

እናታችን በማግስቱ ለኃላፊዋ «ፈርሜአለሁ እንጂ አልተረዳሁትም» አለች። መጀመሪያ «ልጆችሽ ይተርጉሙልሽ» ተባለች። እሷ ግን «ልጆቼ እዚህ አይሠሩም» ብላ መለሰች። በኋላ አማርኛና ዕብራይስጥ የምትችል ሠራተኛ ተጠርታ፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያሳዩ አስረዷት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ለየብቻ ታስቀምጣለች።

ስለዚህ ወላጆቻችን፣ ይህን እንለምናችኋለን። ያልተረዳችሁትን አትፈርሙ፤ «አስረዱኝ» በሉ፤ ነውር አይደለም። ጉዳት ከደረሰባችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ወደ ሐኪም ሂዱና በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን አስጽፉ። ከአሠሪያችሁ ቅጽ 250ን ጠይቁ፤ በእሱ ሕክምናውን በኩፓት ሆሊም ታገኛላችሁ። መሥራት ካልቻላችሁ ቢቱዋሕ ለኡሚ እስከ 91 ቀን የጉዳት ክፍያ ይሰጣል፤ ማመልከቻው ግን በ12 ወር ውስጥ መግባት አለበት።

እኛ ልጆቻችሁ ደብዳቤ ማንበብ አይከብደንም፣ በደስታ እናነባለን። ነገር ግን ማታ ቤት ውስጥ የምናነበው ጠዋት ሥራ ቦታ ላይ ለሚደርሰው አደጋ ይዘገያል። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡልን።