የባሕል ቅባት ቅመሞችና የነጋዴው ኀላፊነት

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ገበያ ውስጥ የሚገኘው ሸማ ተራ ስሙ የታወቀው በጥበብ ቀሚስ፣ በነጠላና በጋቢ ንግድ ነው። ይሁን እንጂ ለሠርግ ወይም ለአራስ ልብስ ሊገዛ የመጣ ሰው ሸማውን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለሙሽራዋ እጅና እግር እንሶስላ ይፈለጋል፤ ለአራሷ ለጋ ቅቤ ይገዛል፤ ሸማውም ሲያድፍ በብዙ የገጠር ቀበሌ የሚታጠበው በእንዶድ ነው። ልብስን የሚመለከተው ንግድና ገላን የሚመለከተው ንግድ ከጥንት ጀምሮ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

በሁለቱ መካከል ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ሸማ የሚገዛ ሰው ፈትሉን በጣቱ ዳስሶ፣ ጥለቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶ፣ ስለ ዕቃው ደግነት ራሱ ይፈርዳል። ቅባት ግን አንድ ጊዜ ቀልጦ ከተዋሐደ በኋላ በውስጡ ምን እንዳለ ዓይን አይለየውም። ገዢው የሚተማመነው በሻጩ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህም ነጋዴው ስለ ቅመሞቹ ጠባይ ጠንቅቆ ማወቅ ይገባዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ቅቤ ነው። ቅቤ የራስ ቅልንና የገላን ቆዳ ከድርቀት የሚጠብቀው ስቡ በቆዳው ላይ ተዘርግቶ እርጥበት እንዳይተን ስለሚከለክል ነው። ነገር ግን ባዕድ ነገር፣ ይኸውም የፓልም ዘይትና የመሳሰለው የተቀላቀለበት ቅቤ በአዲስ አበባ ገበያ በልዩ ልዩ ጊዜ ተይዞአል። ንጹሕ ቅቤም ቢሆን ቦታ አለው። በሕፃን እትብት ላይ ቅቤ መቀባት በሽታን እስከ መንጋጋ ቆልፍ ድረስ ሊያስከትል ስለሚችል የጤና ባለሙያዎች አጥብቀው ይከለክላሉ። ቅቤ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ለእናቶች ቢናገር ከሽያጩ አንዳች አይጎድልበትም።

ሁለተኛው ሰም ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት በአፍሪካ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘች አገር ናት፤ ከማሩም ብዙው ለጠጅ ይውላል። ጠጅ ሲጣል ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ይሰበሰብና በውኃ ተፈልቶ፣ ተጣርቶ ሰም ይሆናል። ሰም የሚቀልጠው ወደ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ስለሆነ ዘይትን ወይም ቅቤን አርግቶ ቅባት እንዲሆን ያደርገዋል። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚያገለግለው ይኸው ሰም በውጭ አገርም የከንፈርና የፊት ቅባት ፋብሪካዎች ይፈልጉታል። ሆኖም ሞራ ወይም ፓራፊን የገባበት ሰም በላቦራቶሪ ሲመረመር ስለሚገለጥ የአንድ ሰው ስስት የብዙዎችን ጭነት ሊያስመልስ ይችላል።

ሦስተኛው እንሶስላ ነው። በደጋ ውኃማ ስፍራ የሚበቅለው የዚህ ተክል ሥር ተወቅጦ በእጅና በእግር ላይ ሲታሰር ቆዳውን ያቀላዋል። ከጌጥነቱም በላይ፣ በሥሩ ውስጥ ከሂና ቀለም ጋር የሚዛመድ፣ የቆዳ ፈንገስን የመቃወም ኀይል ያለው ንጥረ ነገር እንደሚገኝ ታውቋል። እናቶች እግራቸው ሲሰነጣጠቅና ሲያሳክካቸው እንሶስላ የሚያስሩት ያለ ምክንያት እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

የእንዶድ ታሪክ ደግሞ ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት ነው። ፍሬው በውኃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ቢዋጥ ግን መርዝ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ነበሩ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ባደረጉት የብዙ ዓመት ምርምር በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንዶድ በአሜሪካ የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለውን ዛጎል ለባሽ እንስሳ እንደሚገድል ተረጋገጠ፤ የፈጠራ መብቱም በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። የእንዶድን ጠባይ በእጃቸው ሲፈትኑ የኖሩት ልብስ አጣቢዎች ግን በዚያ መዝገብ ላይ ስማቸው አልሰፈረም።

ይህን የመሰለ ነገር እንዳይደገም አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጥቶ፣ ከአገር ዕፀዋትና ከኅብረተሰብ ዕውቀት ከሚገኘው ጥቅም ባለቤቱ ኅብረተሰብ እንዲካፈል ደንግጎአል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የውበት መጠበቂያዎችን በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጎአል። ነገር ግን ስሙ ያልተጻፈ፣ ምንጩ ያልታወቀ ቅመም በሕግ ፊት ሊሟገትለት የሚችል የለም። ቅመሙን የሚያረክሰው አጭበርባሪ መሸሸጊያ የሚያገኘውም በዚሁ አለመጻፍ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ከነጋዴው የሚጠበቀው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የቅመሙን ስም፣ የመጣበትን አውራጃ፣ የገባበትን ቀንና ሚዛኑን ይጻፍ፤ ለውጪ ገላ ብቻ የሚሆነውን ከሚበላው ለይቶ ያስቀምጥ፤ «ቍስልንና ሕፃንን የሚመለከት ሲሆን ሐኪም ይጠየቅ» የሚል ቃል ይጨምርበት። ጅምላ ነጋዴውም ሰምና ቅቤን ሲረከብ ናሙና አስመርምሮ ውጤቱን በደብተሩ ይያዝ። በሸማ ተራ አንድ ነጋዴ የደብረ ብርሃን ጋቢ ከየትኛው ሸማኔ እንደ ተገዛ ሲጠየቅ እንደሚመልስ ሁሉ፣ ቅመም ሻጩም ስለ ሰሙና ስለ ቅቤው ተጠይቆ መልስ ለመስጠት የሚችል ሊሆን ይገባል።