ጎጀብ ላይ ያበቃው ጦር

ከጅማ በቦንጋ አድርገን ወደ ሚዛን፣ ሸኮና ቴፒ ስንመጣ መኪናችን ጎጀብን ይሻገራል። ብዙዎቻችን በዚያ ሰዓት ወይ ተኝተናል ወይ ስልካችን ላይ ነን። ነገር ግን በጣሊያን ወረራ ዘመን የአንድ የኢትዮጵያ ጦር ፍጻሜ የሆነው በዚሁ ወንዝ ዳር ነው። ያ ጦር እንዴት እዚህ ደረሰ? ለምንስ እዚህ አበቃ? ባጭሩ እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

የጦሩ መሪ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። በታኅሣሥ 1928 ደምበጉና ላይ የጣሊያንን ታንኮች ማርከው ጠላትን አስደንግጠዋል። በየካቲት ግን ሽሬ ላይ ተሸነፉ፤ ወደ ተከዜ ሲያፈገፍጉም ሠራዊታቸው በአውሮፕላን ቦምብ ረገፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከአዲስ አበባ ሲወጡ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ሾሟቸው፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ጎሬ ሆነ።

በዚያው ወቅት ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶችና ሌሎች የተማሩ ሰዎች ነቀምቴ ላይ «ጥቁር አንበሳ» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ስሙን የምናውቀው በይበልጥ በሆስፒታሉ ነው። ሊቀ መንበሩ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። በሰኔ 1928 ቦነያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ተገደለ። ማኅበሩ የጽሑፍ ደንብ ነበረው፤ ገበሬን አለመበደል፣ ምርኮኛን በአግባቡ መያዝ፣ ወደ ውጭ አገር አለመሰደድ ከደንቦቹ ውስጥ ናቸው። በኋላ ራስ እምሩ መሪያቸው ሆኑ።

ደንቡም ጀግንነቱም ነበረ። የጎደለው ከጀርባ የሚደግፍ ነው። የባቡሩ መስመር በጣሊያን እጅ ስለነበር ጥይት የሚመጣበት መንገድ አልነበረም። የወለጋ ባላባቶች ብዙዎቹ የቀድሞው አስተዳደር አስመርሯቸው ስለነበር ለመንግሥታት ማኅበር የራሳቸውን አቤቱታ አቀረቡ እንጂ ከጦሩ ጋር አልቆሙም። በኅዳር 1929 ጣሊያን ጎሬን ያዘ፤ በጅማ በኩልም መንገዱ ተዘጋ። ራስ እምሩ ከጎጀብ በስተ ሰሜን ተከበው ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 እጃቸውን ሰጡ።

ወንዝ ሁልጊዜ ግድግዳ አይደለም። ከስድስት ዓመት በኋላ የሶቪየት 62ኛ ጦር ስታሊንግራድ ከተማ ውስጥ ቮልጋን ከጀርባው አድርጎ ቆመ። በጄኔራል ቹይኮቭ የሚመራው ይህ ጦር የያዘው ቀጭን የወንዝ ዳርቻ ነበር። ሆኖም ሌሊት ሌሊት ጀልባዎች ወታደርና ጥይት ያመጡለት፣ ቁስለኛውንም ይወስዱለት ነበር። መድፎቹም ማዶ ሆነው ይተኩሱለት ነበር። በ1935 8ኛ የዘብ ጦር ተብሎ በርሊን ድረስ ዘለቀ። ቮልጋ ማዶ አገር ነበረ፤ ጎጀብ ማዶ ግን የሚጠብቅ ደራሽ አልነበረም።

ምህንድስና ስንማር ምሰሶውን ብቻ ሳይሆን የቆመበትን መሠረት እንድናይ ተነግሮናል። ጦርም እንደዚያ ነው። ሕዝብ ቀድሞ ከተበደለ በኋላ የሚጻፍ ጥሩ ደንብ መሠረቱን በአንድ ክረምት አይጠግነውም።

ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ተጋዙ። በግራዚያኒ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929 ቦምብ ከተጣለ በኋላ ከተማረኩት የሆለታ ወጣቶች ብዙዎቹ ተረሸኑ። እንደኛው ተማሪዎች ነበሩ። በሚቀጥለው ጉዟችን ጎጀብ ስንደርስ ቢያንስ ቀና ብለን ወንዙን እንየው።