የጮቄ መንገድ መሪዎች ወዴት ሄዱ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የተሳፈርኩበት ባጃጅ መስታወት ጥግ ላይ ጅብራ የተባለው የደጋ ተክል ፎቶግራፍ ተለጥፏል። ሌሎቹ የቅዱሳን ሥዕል ወይም የእግር ኳስ ተጫዋች በሚለጥፉበት ቦታ ጅብራ ማየቴ ገርሞኝ ወጣቱን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ እኔ የጮቄ መንገድ መሪ ነኝ፤ ባጃጁ ለጊዜው ነው» አለኝ። «ለጊዜው» ካለ ስንት ጊዜ እንደሆነው ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም። እኔ ከባጃጁ ብወርድም ነገሩ ከልቤ አልወረደም።

ለማርቆስ ሰው የጮቄን ተራራ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። የዛሬን ጥያቄ የሚያከብዱት ግን ሁለት ቀኖች ናቸው። ታኅሣሥ 2015 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በዚያ ዙር ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው 32 መንደሮች አንዱ የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደር ነበር። ከእኛ አገር ወንጪ በቀዳሚው ዙር ተመርጦ ነበርና ጮቄ ተከታዩ ሆነ። የዕውቅናው ሥነ ሥርዓት መጋቢት 2015 ሳዑዲ ዓረቢያ፣ አልዑላ ላይ ተካሄደ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ሳቢያ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዕውቅናው ሥነ ሥርዓትና በዐዋጁ መካከል አምስት ወር እንኳ አልሞላም።

መንገድ መሪዎቹ ይመሩት የነበረው የአንድ ቀን ጉዞ እንዲህ ነበር። ከማርቆስ በጠዋት ተነሥቶ በስናን ወረዳ ዋና ከተማ በረቡዕ ገበያ በኩል ይወጣል። ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ባህር ዛፉና የጤፉ ማሳ እየቀረ ገብስና ድንች ይመጣል፤ ከዚያ ቀርከሃው። ከቀርከሃው በላይ አምጃና አስታ፣ ከአስታው በላይ ጓሳ ሣሩና ጅብራው። ጅብራ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይበቅልም፤ ለዓመታት ሲያድግ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። በአንድ ቀን ጉዞ ይህን ያህል የአየር ንብረት የሚያሳይ ተራራ ጥቂት ነው።

ፕሮፌሰር በላይ ስማኔና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የጮቄን ተፋሰስ በ6 የግብርና ሥነ ምህዳሮች ከፍለውታል። ታችኛው የዓባይ በረሃ 800 ሜትር ገደማ ላይ ይጀምራል፤ ላይኛው ውርጭ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ መካከል ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሓና ተምጫ ይነሣሉ፤ ሁሉም መጨረሻቸው ዓባይ ነው። የጮቄ ገደል ሲታረስ አፈሩ የሚሄደው በእነዚሁ ወንዞች ነው። ጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ጉዳይ ከስናን ገበሬ ማሳ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

አፈሩን የሚይዘው ደን ነው፤ ደን ስንል ግን ምን ማለታችን እንደሆነ መለየት አለብን። ፕሮፌሰር ወልደአምላክ በውቀት በጨሞጋ ተፋሰስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1998 የተነሡ የአየርና የሳተላይት ምስሎችን አነጻጽረው ነበር። በዛፍ የተሸፈነው መሬት በዚያ ዘመን ጨምሮ አገኙት፤ የጨመረው ግን በአብዛኛው ገበሬው በየደጁ የተከለው ባህር ዛፍ ነው። በዚሁ ወንዝ ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 የበጋው ውኃ እየቀነሰ መምጣቱ ታይቷል። ዛፉ በዝቶ ምንጩ ሲሳሳ ዛፍ መቁጠር ብቻ እንደማይበቃ ይገባናል። መንገድ መሪው ለእንግዳ ሲያሳይ የኖረው ይህንኑ ልዩነት ነው፤ የቱ አገር በቀል፣ የቱ መጤ፣ የቱ ምንጭ ከየትኛው ቁጥቋጦ ሥር እንደሚፈልቅ።

አገራችን ደንንና ተራራን በመጠበቅ ረገድ የቆየ ልምድ አላት። የመናገሻ ሱባን ደን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይተረካል። መንዞች ጓሳቸውን በቀሮ ሥርዓት 400 ዓመት ገደማ ጠብቀዋል፤ ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲከፈትም በሥርዓት ይታጨድ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞ ዛሬም ጓሳውን ይጠብቃል። ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ከዓለም ቅርሶች ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፣ በ2017 ከዚያ ወጣ። በወሎ መቄት ደግሞ ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም የገበሬውን መንደር ማረፊያ አድርጎ እንግዳን ከመንደር መንደር በእግር አንቀሳቅሷል። በተለይ ጓሳና መቄት የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ ተራራን የሚጠብቀው ከተራራው የሚጠቀም ሰው ነው።

የባጃጁን ወጣት ፈልጌ ደግሜ አገኘሁት። የሱ ቃል ከጥናቱ ሁሉ ይበልጥ ነገሩን ያስረዳኛልና ሰፋ አድርጌ ላስፍረው።

«እንግዳ ጠዋት ስንነሣ የሚጠይቀኝ ስለ ከፍታው ነው። ማታ ስንመለስ የሚያወራው ግን ስለ ሰዎቹ ነው። ተራራ ያለ ሰው አይጎበኝም፣ ጋሼ። ብሩም እኔ ኪስ አይቀርም ነበር። ባለ ፈረሱ አለ፤ ድንች ቀቅላ ቡና የምታፈላልን እናት አለች፤ ከቀርከሃ ወንበር የሚሠራው አለ።»

ስለ ጎረቤቱም ነገረኝ። «አስታ እየቆረጠ ገበያ የሚያወርድ ሰው ነበር። ፈረሱን ለእንግዳ ማከራየት ሲጀምር መጥረቢያውን ሰቀለ። ማንም አልከለከለውም፤ ዘበኛም አላቆሙበትም። አሁን መጥረቢያውን ከሰቀለበት አውርዷል። ልጆች አሉት። ምን ብዬ ልቆጣው?»

አንተስ ብትመለስ ብዬ ጠየቅሁት። «መንገዱን ጨለማ ውስጥም አልስተውም። የምፈራው ከኔ በኋላ ያሉትን ነው። ታናሽ ወንድሜ አምጃን ከአስታ አይለይም። ማን ያሳየው? እኔ እዚህ ነኝ።»

ጥያቄዎቼን ይዤ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ ጠየቅሁ። እንግዶች ይከፍሉት ከነበረው ገንዘብ ለቀበሌው ምን ያህል ይደርስ ነበር? የመንገድ መሪዎቹ ስም ዝርዝር የተቀመጠው የት ነው? ጉዞው ሲቋረጥስ ማን አነጋገራቸው? መጀመሪያ በስልክ አይሆንም አሉኝ። ቢሯቸው ስሄድ ከበላይ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልኩ። ከዚያ በኋላ ስልካቸውን አላነሡም። ሦስቱም ጥያቄዎች የጸጥታ ምሥጢር የለባቸውም፤ መዝገብ ገልጦ የሚመለሱ ናቸው።

ጦርነቱ ጉዞውን በማቋረጡ የደረሰው ጉዳት በአጭሩ ይህ ነው፦ የውጭ መንግሥታት ዜጎቻቸው ወደ ክልሉ እንዳይሄዱ ያስጠነቅቃሉ፣ የአገር ውስጡም ተጓዥ መንገዱን ይፈራል፣ የሠለጠነው ወጣት ወደ ሌላ ሥራ ዞሯል፣ ከጉዞው ይገኝ የነበረው ገቢ ሲቀር ማገዶውና እርሻው ወደ ላይ ይገፋል። ሰው በሚሞትበት ዘመን ስለ ጉብኝት ማውራት ቅንጦት ነው የሚለኝ ይኖራል። ሐዘኑን እጋራዋለሁ። ነገር ግን የስናን ገበሬ እንጀራና የጨሞጋ ምንጭ ጦርነቱ ሲያበቃ የሚጀመሩ ጉዳዮች አይደሉም።

በበኩሌ ስሕተቱ ከሰላሙም ጊዜ የጀመረ ይመስለኛል። ጉዞውን ከፈረንጅ ጋር ብቻ አያያዝነው። በ1999 የተመሠረተው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ተማሪዎች ያስመርቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ ጮቄን በእግሩ የረገጠው ስንቱ ነው? የአዲስ አበባ ወጣቶች በየሳምንቱ መጨረሻ እንጦጦን፣ መናገሻንና ወንጪን በቡድን ይወጣሉ። ተራራን ለማየት የሚከፍል ኢትዮጵያዊ አለ ማለት ነው። የጮቄ የመጀመሪያ እንግዳ መሆን የነበረበት የማርቆስ ልጅ ነው፤ ከማርቆስ ልጅ በሚገኝ ትንሽ ክፍያ ላይ የቆመ ሥራ የውጭ አገር ማስጠንቀቂያ በወጣ ቁጥር አይወድቅም።

ሰላም ሲወርድ ጮቄ እዚያው ይጠብቀናል እያልን እንጽናናለን። ድንጋዩ ይጠብቀናል። አስታው፣ ጅብራውና እነሱን ለይቶ የሚያውቀው ሰው ግን አይጠብቁም። ሰላሙን ማምጣት ከአንድ ቢሮ አቅም በላይ ነው፤ ዝርዝር መያዝ ግን አይደለም። የመንገድ መሪዎቹ ስም ዛሬ ይመዝገብ፤ የሚያውቁት መንገድና የዕፅዋት ስም ከአንደበታቸው ይጻፍ፤ ከእንግዳ ከሚገኘው ገንዘብ የቀበሌው ድርሻ ስንት እንደሆነ ሕዝብ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። ዩኒቨርሲቲውም የተራራውን ትምህርት እነዚሁ ልጆች ባሉበት ያስተምር፤ ለሚያስተምሩትም ይክፈላቸው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክርቢቶና ስልክ የሚያነሣ ኃላፊ ነው።