ስልኩ ጠራ፤ ድምፁ ግን የት ቀረ?

እስቲ ይህን አስቡ። መርካቶ፣ ሸማ ተራ፤ ጋቢና ነጠላ በጅምላ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠራል። ነጋዴው አንስቶ «ሃሎ!» ይላል። ከሐዋሳ የደወለችው ደንበኛ ድምፁን ጥርት አድርጋ ትሰማለች፤ ሠላሳ ጋቢ ልታዝ ነው። እሱ ግን ምንም አይሰማም። «ሃሎ! ሃሎ!» ይልና ይዘጋዋል። ትዕዛዙ ሌላ ሱቅ ሄደ ማለት ነው።

ስልኩ ደህና ነው፤ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ታዲያ ድምፁ በአንድ በኩል ብቻ ለምን ጠፋ? ሱቁ የሚደውለው በኢንተርኔት በኩል ከሆነ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቮይስ ጌትዌይ በምትባል ትንሽ ሳጥን ላይ በተሞላ አንድ አድራሻ ነው።

ሳጥኗ ምን ትሠራለች?

ቮይስ ጌትዌይ በተለመደው የስልክ ሽቦና በኢንተርኔት መካከል የቆመች አስተርጓሚ ናት። በሽቦ የመጣውን ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ትለካለች። ጂ.711 በሚባለው አሠራር እያንዳንዱ ልኬት 8 ቢት ስለሆነ፣ የአንድ ሰከንድ ንግግር 64,000 ቢት ይሆናል። ይህንን አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሚሊሰከንድ እየቆራረጠች በሰከንድ 50 ፓኬት ትልካለች። እያንዳንዱ ፓኬት እንደ ፖስታ ነው፤ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይጻፍበታል።

ሳጥኗ ከኔትወርኩ ጋር የምትገናኝበት በር ኢንተርፌስ ይባላል። በሩ እንዲሠራ ሦስት ነገር እንሞላለን፦

- አይፒ አድራሻ፦ ለምሳሌ 192.168.1.20። ራውተሩ ነገ ሌላ አድራሻ እንዳይሰጣት ቋሚ ቢሆን ይሻላል።
- ሰብኔት ማስክ፦ 255.255.255.0 ብንል፣ በ192.168.1 የሚጀምሩት ሁሉ ጎረቤቶቿ ናቸው።
- ዲፎልት ጌትዌይ፦ ወደ ውጭ መውጫው፣ ማለትም ራውተሩ፤ ለምሳሌ 192.168.1.1። ስሙ አያምታታችሁ፤ ይሄኛው ሳጥኗ አይደለም።

«ሱቅ ቁጥር 20» የትኛው?

ሕንፃው ውስጥ ላለ ተላላኪ «ሱቅ ቁጥር 20 አድርስ» ማለት ይበቃል። ከሐዋሳ ዕቃ የሚልክ ሰው ግን ይህን ብቻ ቢጽፍስ? መርካቶ ውስጥ ስንት ሱቅ ቁጥር 20 አለ! በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎችም እንደዚያው ናቸው። ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተተዉ ስለሆኑ በዓለም ዙሪያ በብዙ ሚሊዮን ቤቶች ይደጋገማሉ፤ በኢንተርኔት ላይ በእነሱ ብቻ ማንንም ማግኘት አይቻልም።

ፓኬቱ ሲወጣ ራውተሩ በፖስታው ላይ ያለውን የውስጥ አድራሻ በውጭው አድራሻ ይተካዋል። የነጋዴው «ሃሎ» ሐዋሳ የደረሰው ለዚህ ነው። ጥሪው ሲጀመር ግን ሳጥኗ በደብዳቤው ውስጥ «ድምፅ ላኩልኝ፤ አድራሻዬ 192.168.1.20 ነው» ብላ ጽፋለች። ራውተሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን ከፍቶ አያነብም። የደንበኛዋ ድምፅ ወደዚያ አድራሻ ይላካል፤ መንገድ ላይም ይቀራል።

መፍትሔው

ሳጥኗ በደብዳቤው ላይ የውጭውን አድራሻ እንድትጽፍ በቅንብሯ ውስጥ መሙላት፣ ራውተሩም የድምፅ ፓኬቶችን ወደ እሷ እንዲያሳልፍ ማዘዝ ነው። የውጭው አድራሻ የሚቀያየር ከሆነ፣ ስተን የሚባለው ዘዴ ውጭ ያለ ሰርቨርን «ከየት አድራሻ ነው የምታየኝ?» ብሎ ይጠይቅላታል።

አንዳንድ ሳጥኖች ሁለት በር አላቸው፤ አንዱ ወደ ሱቁ፣ ሌላው ወደ ቴሌኮም አገልግሎት ሰጪው። ያኔ ድምፁ በየትኛው በር እንደሚወጣ ለይቶ መንገር ያስፈልጋል። ያለበለዚያ ሳጥኗ የተሳሳተውን በር አድራሻ ልትሰጥ ትችላለች፤ ውጤቱም ያው ዝምታ ነው።

አሁን እናንተ ሞክሩት። የስልካችሁን የዋይፋይ ቅንብር ከፍታችሁ የአይፒ አድራሻውን እዩ። በ192.168 ወይም በ10 ከጀመረ፣ ያ የሕንፃው ውስጥ «ሱቅ ቁጥር» ነው። ሐዋሳ ያለ ሰው በእሱ ብቻ አያገኛችሁም።