የሠራተኛው የወጪ ደብተር፦ በሕንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤት ደመወዝ እንዴት ይቆጠራል?

“የኑሮ ውድነት በዚህ ወር ይህን ያህል በመቶ ጨመረ” የሚል ዜና ስንሰማ አብዛኞቻችን ቁጥሩን ሰምተን ዝም ነው የምንለው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ የማንን ቤት እንደሚያሳይ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በሕንድ ግን ይህ ቁጥር ለፋብሪካ ሠራተኛው ዜና ብቻ አይደለም፤ ደመወዙ ነው። በብዙ ትልልቅ የሕንድ ፋብሪካዎች የወር ክፍያ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ መነሻ ደመወዝ ሲሆን ሁለተኛው የኑሮ ውድነት አበል ይባላል። አበሉ የሚጨምረው የሠራተኞች የዋጋ ኢንዴክስ ሲጨምር ነው። ስለዚህ የሠራተኛው ቤተሰብ ምን ይበላል፣ ምን ያህል ይከራያል፣ ለትምህርት ስንት ያወጣል የሚለው ጥያቄ በቀጥታ ኪሱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ እንዴት እንደሚሠራ ማስረዳት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

ኢንዴክሱን የሚያዘጋጀው የሕንድ መንግሥት የሠራተኛ ቢሮ ነው። ቢሮው በየተወሰነ ዓመቱ መረጃ ሰብሳቢዎችን ወደ ሠራተኞች ቤት ይልካል። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ፣ ማን እንደሚሠራ፣ ለሩዝ፣ ለስንዴ ዱቄት፣ ለምስር፣ ለዘይት፣ ለማገዶ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለሕክምና ስንት እንደሚወጣ ይመዘግባሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ወጪ ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደሚይዝ ይሰላል። ይህ ድርሻ ክብደት ይባላል። ከዚያ በኋላ በየወሩ የገበያ ዋጋ እየተሰበሰበ በክብደቱ ይባዛል።

በ1958-59 በ50 የኢንዱስትሪ ማዕከሎች ትልቅ ጥናት ተካሄደ። በ2016 የተደረገው ደግሞ በ88 ማዕከሎች 48,384 ቤተሰቦችን አዳርሷል። ጥናቱ የፋብሪካ ሠራተኛን ብቻ አይደለም የሚያየው። የማዕድን፣ የሻይና የቡና ተክል፣ የባቡር፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ የመብራት ኃይልና የወደብ ሠራተኞችም አሉበት።

ከምግብ ወደ ሌላው

በ1960 መነሻ በተሠራው ኢንዴክስ ምግብ ከቤተሰቡ ወጪ 60.9 በመቶ ይይዝ ነበር። በ1982 መነሻ 57 በመቶ፣ በ2001 መነሻ 46.2 በመቶ፣ በ2016 መነሻ ደግሞ 39.17 በመቶ ሆነ። ትምህርት፣ ሕክምና፣ ትራንስፖርትና ስልክ የመሳሰሉት የሚገቡበት “ልዩ ልዩ” የሚባለው ክፍል ግን ከ2001 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ከ23.26 ወደ 30.31 በመቶ አደገ። የቤት ኪራይም ከ15.27 ወደ 16.87 በመቶ ከፍ ብሏል።

ይህ ጥሩ ዜና ነው ወይስ መጥፎ? ኤርንስት ኤንግል የተባለው ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው በ1857 ባወጣው ጥናት መሠረት ገቢ እያደገ ሲሄድ የምግብ ድርሻ እየቀነሰ ይመጣል። በዚህ ካየነው የሕንድ ሠራተኛ ኑሮ ከአያቱ ኑሮ ተሻሽሏል። ልጁን ትምህርት ቤት ይልካል፣ ስልክ ይይዛል፣ ሲታመም ይታከማል። በሌላ በኩል ግን የምግብ ድርሻ የሚቀንሰው ሆድ ስለጠገበ ብቻ አይደለም። ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ቀድመው ከወሰዱት፣ ከተረፈው ነው የሚበላው።

የሠራተኛ ማኅበራት ያነሡት ቅሬታ ደግሞ ሌላ ነው። በግርድፉ እናስላው። የምግብ ዋጋ 10 በመቶ ቢጨምርና ሌላው ባለበት ቢቆም በ2001 ክብደት ኢንዴክሱ 4.6 በመቶ ያህል ይጨምራል። በ2016 ክብደት ግን 3.9 በመቶ ብቻ። የሽንኩርቱ ዋጋ ያው ነው፣ ገበያውም ያው ነው፤ አበሉ ግን አነሰ። እንግዲህ ክብደት የሚባለው ነገር የባለሙያ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ቁጥሩ ራሱ ሊሳሳትም ይችላል። በ1963 የቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ሠራተኞች ገበያ ላይ የሚያዩት ዋጋና ኢንዴክሱ የሚለው አልገጥም ስላላቸው ተቃውሞ አነሡ። የማሃራሽትራ ክልል መንግሥትም ላክዳዋላ በተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ኢንዴክሱ ውድነቱን አሳንሶ ያሳይ እንደነበር አገኘ። ሠራተኞቹ ያለ ስታቲስቲክስ ትምህርት፣ በዘንቢላቸው ብቻ ልክ ነበሩ።

አንድ ቤተሰብ ስንት ሰው ነው?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በ1957 የተካሄደው 15ኛው የሕንድ የሠራተኛ ጉባኤ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዴት መሰላት እንዳለበት ሲወስን አባትን 1፣ እናትን 0.8፣ ሁለት ልጆችን እያንዳንዳቸውን 0.6 አድርጎ ቆጠረ። ድምሩ 3 ነው። ለአንድ አዋቂ በቀን 2,700 ካሎሪ፣ ለቤተሰቡ በዓመት 72 ያርድ ጨርቅ፣ የቤት ኪራይ፣ ለማገዶ፣ ለመብራትና ለልዩ ልዩ 20 በመቶ ተያዘ። በ1991 ደግሞ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለልጆች ትምህርት፣ ለሕክምና፣ ለመዝናኛ፣ ለሠርግና ለመሳሰለው ሌላ 25 በመቶ መታሰብ አለበት አለ።

ልብ በሉ፣ በዚህ ስሌት ውስጥ አያት የለችም። ሽማግሌ አባት የለም። በሕንድ ቤት ግን፣ እንደ እኛው ቤት ሁሉ፣ አብረው ይኖራሉ ወይም ከአገር ቤት ሆነው ገንዘብ ይጠብቃሉ። መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2019 የቤተሰቡን ቁጥር ከ3 ወደ 3.6 ከፍ አድርጎ፣ የአገሪቱ ዝቅተኛ የቀን ደመወዝ ወለል 375 ሩፒ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። በዚያን ጊዜ ወለሉ 176 ሩፒ ነበር። በዚያው ዓመት መንግሥት ያጸደቀው ስንት ነው ቢባል 178 ሩፒ። ሁለት ሩፒ ብቻ ተጨመረ ማለት ነው። ያም ወለል ቢሆን በክልሎች ላይ አስገዳጅ አልነበረም።

ቤትና ብድር

በቦምቤይ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ይኖሩ የነበረው ቾል በሚባሉ ቤቶች ነው። ቾል ማለት በረጅም ኮሪደር ላይ የተደረደሩ አንዳንድ ክፍል ቤቶች ያሉት ፎቅ ሲሆን መጸዳጃው የጋራ ነው። በ1920ዎቹ መንግሥት ራሱ ያሠራቸው ቾሎች እያንዳንዱ ክፍል 160 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 15 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። ምግብ ማብሰሉም፣ መተኛቱም፣ ማጥናቱም እዚያው ነው። ቤተሰባቸውን ገጠር ትተው የመጡ ወንዶች ደግሞ አንድ ክፍል ለብዙ ይከራዩና፣ የሠፈሩ ሴቶች ቤታቸው እያበሰሉ በወር ሒሳብ ይመግቧቸው ነበር። የሴቶቹ ድካም በፋብሪካው መዝገብ ላይ አይታይም እንጂ ፋብሪካውን ያቆመው እሱም ነው።

ብድርም የቆየ ነገር ነው። በ1931 ሪፖርቱን ያወጣው የእንግሊዝ መንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚሽን በአብዛኞቹ የኢንዱስትሪ ከተሞች ከሦስት ቤተሰብ ሁለቱ ባለዕዳ ናቸው፣ የብዙዎቹም ዕዳ ከሦስት ወር ደመወዝ ይበልጣል ብሏል። አንዱ ምክንያት ደመወዝ መዘግየቱ ነበር። እስኪከፈል ድረስ ከሱቅ በዱቤ ይበላል። በ1936 የወጣው ሕግ ወሩ ካለቀ በኋላ ከ7 ወይም እንደ ፋብሪካው ትልቅነት ከ10 ቀን በላይ እንዳይቆይ አስገደደ። ሠራተኞች ራሳቸውም ለእኛ እቁብ የሚቀርብ ነገር አላቸው፤ ቺት ፈንድ ይሉታል። ልዩነቱ፣ ቶሎ መውሰድ የሚፈልግ ሰው ከድርሻው ቀንሶ እየተጫረተ መውሰዱ ነው።

ያልተቆጠሩት

ይህ ሁሉ ሥርዓት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ቋሚ ሠራተኛን ነው። በጥር 1982 የጀመረው የቦምቤይ የጥጥ ፋብሪካዎች አድማ 250,000 ያህል ሠራተኞችን ያሳተፈ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ሥራውን አጣ። ዛሬ በተመዘገቡት የሕንድ ፋብሪካዎች ከአስር ሠራተኛ አራቱ ያህል በኮንትራት የሚሠሩ ናቸው። የእነሱ ደመወዝ ብዙ ጊዜ ከቋሚው ያንሳል፣ ሥራውም ዋስትና የለውም። በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት አገሩ ሲዘጋ በእግራቸው ወደ ገጠር ሲጓዙ በቴሌቪዥን ያየናቸው ከእነዚሁ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ የመንግሥት የራሽን ካርድ ነበራቸው፤ ነገር ግን ካርዱ የተመዘገበው በትውልድ መንደራቸው ስለሆነ በከተማው እህል ለመውሰድ ሳይችሉ ቀሩ። ከ2019 ጀምሮ ካርዱ በሁሉም ቦታ እንዲሠራ ማድረግ ተጀምሮ ነበር፤ ግን ያኔ ገና አልተዳረሰም።

እንግዲህ ከሕንድ የምንማረው ይህን ይመስለኛል። ቁጥር ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ቤት ገብቶ፣ ጠይቆ፣ ቆጥሮ የሚያመጣው ነው። ማን እንደተቆጠረና ማን እንደቀረ፣ አያት እንደገባች ወይም እንዳልገባች፣ ምግብ ስንት እጅ እንደተሰጠው የደመወዙን መጠን ይወስናል። እኛም ነገ የዜና ክፍል ገብተን “የዋጋ ንረት ይህን ያህል ሆነ” ብለን ከመጻፋችን በፊት የማን ዘንቢል እንደተመዘነ እንጠይቅ። ከዚያ ወደ ገበያው ወጥተን ዘንቢሉን የያዘችውን እናት እናነጋግር።